ከኦፕሬሽኑ በኋላ ውኃ ማን ይቀዳል?

እዚህ ደብረ ብርሃን አራስ ጠይቃ የተመለሰች ሴት ጎረቤቶቿ ሁለት ነገር ይጠይቋታል። መጀመሪያ «ምን ወለደች?» ቀጥሎ «በምን ወለደች?» ለመጀመሪያው መልሱ ወንድ ይሁን ሴት ደስታ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ፊት ይለዋወጣል። «በምጥ» ከተባለ «እሰይ፣ ማርያም ደረሰችላት» ይባላል። «በኦፕሬሽን» ከተባለ «ውይ! እኔን!» ይሆናል። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ድምፁ ግን የሐዘን ድምፅ ነው።

እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ወንዱን ልጄን በኦፕሬሽን፣ ሴቷን በምጥ ነው የወለድኩት። ለዚህ ነው መሰለኝ አራስ ቤት ስገባ ሴቶች ለሌላ የማይነግሩትን ለእኔ የሚነግሩኝ። ከደብረ ሲና የመጣችም፣ ከአንኮበር የመጣችም፣ እዚሁ ሰፈራችን ያለችም ሴት ቡና ሲፈላ የምታወራው ይመሳሰላል። ምጥን የሚመርጡት ይበዛሉ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ ግን ስለ ምጡ ብዙም አያነሡም። የሚያወሩት ስለ እንጀራ ነው። ስለ ውኃ፣ ስለ ላም፣ ስለ ሊጥ፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ስለሚያደርሰው ሰው ነው። «በምጥ የወለደች ቶሎ ቆማ ቤቷን ታያለች፤ የተቀደደች ግን ማን አላት?» አለችኝ አንዷ። ለእኔ የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሴትን «ኦፕሬሽን አትፍሪ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ቤቷን ማን እንደሚይዝላት ካልተነገራት ግን ምክሩ ጆሮዋ አይገባም።

የወንዱ ምጥ የያዘኝ በጥር ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ አማጥኩ። ሲነጋጋ ሐኪሞቹ መጥተው ሆዴን ዳሰሱ፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጡ፣ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ አወሩና ወጡ። ቀጥሎ ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ግን ወደ እኔ አልመጣም። በር ላይ ቆሞ ለነበረው ለባለቤቴ ነው የተሰጠው። «እዚህ ጋ ፈርም» አለችው፤ ፈረመ። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ለልጅሽ ብለን ነው፤ ዝም በይ» ተባልኩ። የሚቀደደው ሆድ የእኔ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ነገሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኦፕሬሽኑ ራሱ የተወራውን ያህል አልነበረም። ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝና ትንሽ ቆይቶ ከወገቤ በታች ደነዘዝኩ። አእምሮዬ ንቁ ነው፤ ሁሉን እሰማለሁ። ሕመም የለም፤ የመጎተት ስሜት ብቻ አለ። ከዚያ ልጄ ሲያለቅስ ሰማሁ። ወዲያው ግን መላ ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የምሞት መሰለኝ። ከወገብ መርፌ በኋላ መንቀጥቀጥ የተለመደ መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያን ያህል ባልፈራሁ።

አማቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ደረሱ። ነርሷ «አየር ካልወጣት ምንም አትቀምስም» አለቻቸው። አማቴ የመንዝ ሴት ናቸው፤ አራስ ጦሟን ስታድር አይተው አያውቁም። ፔርሙሱን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ አቅፈው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። ነቃ ባልኩ ቁጥር «ወጣልሽ ልጄ?» ይሉኛል። በማግስቱ «ወጣ» ስላቸው አጥሚቱን ቀድተው እስኪሰጡኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከአልጋ መነሣት ትልቅ ሥራ ነው። በጎን መዞር፣ በክርን መደገፍ፣ እግርን ማውረድ፣ ከዚያ መቆም። ሳል ሲመጣ ትራስ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ መያዝ። ይህን ያስተማረችኝ አጠገቤ የተኛች የሸዋሮቢት ሴት ናት፤ የእሷ ሁለተኛ ኦፕሬሽኗ ነበር። ስወጣ የተሰጠኝ ምክር «ስድስት ሳምንት ያህል ከልጅሽ የከበደ ነገር እንዳታነሺ» የሚል ነው። ልጄ ሦስት ኪሎ ነበር። ውኃ የተሞላ ትልቁ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እኔ እናትም፣ አማትም፣ እህትም ነበሩኝ፤ ጀሪካኑን አልነካሁትም። አጠገቤ የተኛችው ሴት ግን ያንኑ ምክር ስትሰማ ወደ እኔ ዞር ብላ «ቤቴ ያለነው እኔና ልጆቼ ነን» አለችኝ። ነርሷ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዳ ነበር።

አማቴን አንድ ቀን ስለራሳቸው መውለድ ጠየቅኋቸው። ሁሉንም የወለዱት ቤት ነው፤ ተንበርክከው፣ ምሰሶ ይዘው፣ ሴቶቹ ከኋላ ወገባቸውን ደግፈው «ማርያም! ማርያም!» እያሉ። «ወልጄ ባና ለብሼ ገንፎዬን በላሁ» ይሉና ይስቃሉ። አንዱን ሲያነሡ ግን አይስቁም። ሦስት ቀን አምጠው ሞቶ የወጣ ልጅ አላቸው። «ያኔ ይሄ የእናንተ ቢላ ቢኖር ልጄ ዛሬ ሽማግሌ በሆነ» አሉኝ። ከእሳቸው በላይ ግን የጎረቤታቸው ነገር ያስለቅሳቸዋል። እሷም እንደዚያው ቀናት ካማጠች በኋላ ሽንቷን መያዝ አቃታት። ባሏ ፈታት፤ እናቷ ጓዳ አስቀምጣ ጦረቻት፤ ሰው ሳያያት አረጀች።

ይህ ፌስቱላ ነው። ምጥ ሲታፈን የልጁ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማይደርሰው ገላ ይሞትና ይቀደዳል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። አዲስ አበባ የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው እንዲህ ላሉ ሴቶች ነው። በጊዜው የተደረገ ኦፕሬሽን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ኦፕሬሽንን የሚያጣጥሉት ብዙ ጊዜ አሮጊቶቹ አይደሉም። እነሱ የሦስት ቀን ምጥ አይተዋል፤ ሬሳ ታቅፈዋል። «ያለ ምጥ የወለደች ምኑን ወለደች» የሚሉት የእኔ እኩዮች ናቸው።

አሁን ስለ አክስቴ ልጅ ልንገራችሁ። ሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ ራቅ ብላ ነው የምትኖረው። የጅሩን መረሬ አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ እግር ይውጣል። ደግነቱ ምጥ የያዛት በኅዳር፣ መንገዱ ደርቆ ነው። ክፋቱ ደግሞ ኅዳር አጨዳ ነው። ደቦ ተጠርቷል። ጠላው ተጠምቋል፤ እንጀራው ገና አልተጋገረም። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሚድዋይፏ ሆዷን ዳስሳ ልጁ በአግድም እንደተኛ አወቀች። በአግድም የተኛ ልጅ ካልዞረ በምጥ አይወጣም፤ ዝም ከተባለ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። አምቡላንስ ተጠራ።

የአክስቴ ልጅ «አልሄድም» አለች። ሚድዋይፏ ለመነቻት። የጤና ኤክስቴንሽኗም መጥታ ስለ አደጋው አስረዳቻት። ባሏ ተቆጣ፤ ኋላም አለቀሰ። እሷ ግን «ተቀድጄ ስመለስ ደቦውን ማን ያበላልኛል? ሕፃን ይዤ፣ ሆዴን ይዤ፣ ውኃ እንዴት እወርዳለሁ?» ትላለች። ያኔ አብራት የመጣች አንዲት ጎረቤቷ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አልጋው ላይ ቁጭ አሉና በጣታቸው ይቆጥሩላት ጀመር። «እንጀራውን እኔ። ውኃውን የእገሊት ልጅ። ላሟን የባልሽ እህት። የደቦውን ወጥ ሦስታችን። ሌላ ምን ቀረሽ?» የአክስቴ ልጅ ትንሽ ዝም አለችና «ዶሮዎቹስ?» አለች። «ዶሮዎቹንም» አሏት። ተነሥታ አምቡላንስ ገባች።

ዶክተር መጥቶ ቢሰብካት አትሄድም ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። እኚያ ሴት የነገሯት ስለ ሕክምና አንድም ቃል አይደለም። ግን የሴትየዋን እውነተኛ ጥያቄ የመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኦፕሬሽኑን የሠራላት እንደ ድሮው አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለወረዳ ሆስፒታሎች ተብለው ከሚሠለጥኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ ነው። ልጁም እሷም ደህና ናቸው። ጎረቤቶቿ ወር ያህል ቆሙላት። ከዚያ ሁሉም ወደየአጨዳው፣ ወደየውቂያው ሄደና ውኃው ተመልሶ የእሷ ሆነ። ቁስሉ ከላይ ሲገጥም ውስጡ ገና ነው። ጀሪካኑን አዝላ ዳገት ስትወጣ የሚወጋት ነገር እስከ ፋሲካ አልተዋትም።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ ሲደረግ፣ ገንፎው ተገንፍቶ ቡናው ተፈልቶ ትምህርት ሲሰጥ፣ ባሎችና አማቶች አጠገባቸው ቢቀመጡ እወዳለሁ። «ሚስትህ ድንገት ኦፕሬሽን ብትሆን ስድስት ሳምንት ውኃውን ማን ይቀዳል?» ተብለው በስም እንዲመልሱ እወዳለሁ። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ኦፕሬሽኑም ጭምር። የቤቱን ዋጋ ግን የምትከፍለው ሴትየዋ ናት። ደግሞ መንገዱ አለ። ከጀማ በረሃ ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን የሚያወጡ ወንዶች ያሉበት አገር ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ቃሬዛውም የሚደርስበት ይጠፋል። «ለምን ቀድማ አልመጣችም?» ብሎ ሴትን ከመቆጣት በፊት ይህን ማሰብ ነው።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ጓደኛዬ ባንክ ነው የምትሠራው። ምንም ችግር ሳይኖርባት አዲስ አበባ ሄዳ፣ ከፍላ፣ በኦፕሬሽን ወለደች። ሰፈሩ «ቅንጦት ነው» አላት። እኔም «ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት። እህቷ ስታምጥ አብራት ነበረች። እህቷ ስትጮህ አዋላጇ «ስትተኚ አልጮህሽም፣ አሁን ምን ያስጮህሻል?» ስትላት ሰምታለች። «ምጡን አልፈራሁም፤ ስድቡን ነው የፈራሁት» አለችኝ። እንዲህ ያለችውን ሴት ቅንጦተኛ ማለት ግፍ ነው። ማዋለጃ ክፍሉን ሰው የሚከበርበት ማድረግ ነው እንጂ።

ያም ሆኖ ያለ ምክንያት ወደ ቢላ መሮጥን አልደግፍም። ለጓደኛዬም ነግሬያታለሁ። ቀኑ ሳይደርስ፣ ከ39 ሳምንት በፊት በቀጠሮ የሚወጣ ልጅ ትንፋሽ ሊያስቸግረው ይችላል። ማህፀን ላይ ጠባሳ በበዛ ቁጥር ደግሞ በሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ አልወጣ ሊል፣ ከባድ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ሁለት ልጅ ብቻ ለሚወልድ ሰው ይህ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። አምስትና ስድስት ልጅ ለምታስብ የገጠር ሴት ግን ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩም ሁለቱን ጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ በኦፕሬሽን የተወለዱት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በሕዝብ ደረጃ ኦፕሬሽን እስከ 10 በመቶ ሲደርስ የእናቶችና የሕፃናት ሞት እየቀነሰ ይሄዳል ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሞት ሲቀንስ አልታየም። እንግዲህ አንዷ ስታጣው ትሞታለች፣ ሌላዋ ሳያስፈልጋት ትቀደዳለች። ከእኛ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ነው።

ሴቷን ሳረግዝ ሌላ ጤና ተቋም ነው የተከታተልኩት። ሚድዋይፏ ገና ጠባሳዬን እንዳየች «ለምን ነበር የተሠራሽው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? «ለልጅሽ ነው» ከመባል ሌላ የማውቀው አልነበረም። «ማህፀንሽ የተቀደደው በአግድም ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች?» ሆዴን አሳየኋት። «የቆዳው አይነግረንም፤ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል» አለች። ከዚያ ደብዳቤ ጽፋ የድሮው ካርዴ እንዲፈለግ አደረገች። ካርዱ ተገኘ። ሌሊቱ ሲያልቅ የልጄ የልብ ምት እየወረደ ነበር፤ ምጡ ቢቀጥል ይታፈን ነበር። ማህፀኔ የተቀደደው በታችኛው ክፍል፣ በአግድም ነው። ያን ወረቀት ስታነብልኝ እንባዬ መጣ። ልጄን ያተረፉልኝ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግሩኝ ኖሮ እነዚያን ዓመታት ሁሉ እያመሰገንኳቸው እኖር ነበር።

በታችኛው ክፍል በአግድም ለተቀደደች፣ የመጀመሪያው ምክንያት ላልተደገመባት ሴት ምጥን መሞከር ይቻላል። ሚድዋይፏም ዶክተሩም ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ከሚሞክሩት መቶ ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። የድሮው ጠባሳ የሚቀደድባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ከተቀደደ ግን ደቂቃ አይሰጥም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ጤና ጣቢያም አይበቃም። ኦፕሬሽን የሚሠራ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች ለተቀደደች ግን ይህ አይመከርም። ለዚህ ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው። ይህን የምታነቡ በኦፕሬሽን የወለዳችሁ ሴቶች፣ ከሆስፒታል ስትወጡ «ለምን ተሠራሁ? ማህፀኔ የት ጋ፣ እንዴት ተቀደደ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ አስደርጉት። ከክትባት ካርዱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

እኔ ለመሞከር ወሰንኩ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን የፈረምኩት ራሴ ነኝ። አማቴን አስገቡልኝ፤ እጄን ይዘው «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ ሚድዋይፏም አብራ አለች። በጎኔ ተኝቼ ወለድኩ። ምጥ ያማል፤ አላሳምረውም። ግን ልጄን ወዲያው ደረቴ ላይ አደረጉልኝ፤ አጥሚቱንም ትኩስ እያለ ጠጣሁት። በማግስቱ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባልኩ፤ «ማርያም ታኑርልኝ» አልኩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ የምወዳት ጎረቤቴ ናት፣ ጉንጬን ስማ «አሁን ገና ወለድሽ!» አለችኝ። ወንዱ ልጄ በሩ ጋ ዳቦ ይዞ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «እኔንስ?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አቅፌው «አንተንም ወልጄሃለሁ፤ አንተን ስወልድ እንዲያውም በጣም ነው የተጎዳሁት» አልኩት። አማቴ ወደ ጎረቤቴ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ በቢላ የወጣውም በምጥ የወጣውም ጡት የጠባው ከአንድ እናት ነው፤ ሁለተኛ እንዲህ እንዳትይ» አሏት። ጎረቤቴም ተነሥታ ልጁን ሳመችው።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ደግሞ አርግዛለች። በኦፕሬሽን ከወለደችው ልጅ በኋላ ሁለት ዓመት ጠብቃ ነው ያረገዘችው፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ልጁ ዘንድሮ በጭንቅላቱ ከመጣ ምጥ መሞከር ትፈልጋለች። ወረቀቷ አለ፤ ማህፀኗ የተቀደደው በታችኛው ክፍል፣ በአግድም ነው። ሐኪሙ «ቀኑ ሲቀርብ አይተን እንወስናለን» ብሏታል። ከእነሱ ቀበሌ ሆና ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይሆን በመጨረሻው ወር ወይ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ትገባለች፣ ወይ እኛ ጋ ትመጣለች። እኔ እኛ ጋ እንድትመጣ እየለመንኳት ነው። ባሏን ባለፈው ስልክ ደውዬ «ኦፕሬሽን ከሆነችስ?» አልኩት። አህያ እንደገዛና ውኃውን እሱ እንደሚያመጣ፣ እህቱም እንጀራ ልትጋግር ስድስቱን ሳምንት እነሱ ቤት እንደምትቀመጥ ነገረኝ። «ዶሮዎቹስ?» ስለው ሳቀ። እነሱን ትልቁ ልጅ ይዟቸዋል።